ፊያት 850 ስፓይደር ለሽያጭ፣ ጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናዋን ልሸጥ መሆኔ ከተሰማ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያው ጥያቄ ይመጣል። አንዱን ለአሥር ሰው ከመመለስ ብዬ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት። ጉዳቷን አልደበቅኩም። አንብባችሁ ከተዋችኋት እኔም ጊዜዬን፣ እናንተም የባጃጅ ሒሳባችሁን አተረፍን።

ለመሆኑ ምን ዓይነት መኪና ናት?

ፊያት 850 ስፓይደር ናት፤ በፈረንጆቹ የ1969 ሞዴል። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣሪያዋ ሸራ ነው። ሸራው ሲታጠፍ ከመቀመጫው ኋላ ካለ የብረት ክዳን ሥር ይገባና ጭራሽ አይታይም። ሞተሯ ከኋላ ነው። የፊት ኮፈኗን ከፍታችሁ «ሞተሩ ተሰረቀ እንዴ?» ብላችሁ እንዳትደነግጡ፤ እዚያ ዕቃ ነው የሚቀመጠው።

ቅርጿን የነደፈው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። ያኔ ገና ወጣት ነበር፣ በርቶኔ በተባለው የጣልያን የመኪና አካል ሠሪ ቤት ይሠራ ነበር። አካሏንም የሠራው በርቶኔ ነው። ፊያት ለዓለም ያሳያት በፈረንጆቹ 1965 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 843 ሲሲ ነበሩ፣ ከ1968 ወዲህ ያሉት 903 ሲሲ ናቸው። የእኔዋ ከኋለኞቹ ናት። በ1973 መመረቷ ቆመ።

ክብደቷ 735 ኪሎ ገደማ ነው። መንገዱን የሞላችው ቪትዝ እንኳ ከእሷ ትከብዳለች። የዚህች መኪና ነገሯ ሁሉ ያለው እዚህ ቅለቷ ላይ ነው። ጥሩነቷም ችግሯም።

የጣልያን ጊዜ መኪና ናት?

አይደለችም። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ የፒያሳ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን የሠሩት አብረው ይዘዋት የመጡ ይመስላቸዋል። ጣልያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። እሷ የተሠራችው በ1961 ዓ.ም. ገደማ ነው። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ፊያት ሴይቼንቶ ታክሲዎች የምታስታውሱ ካላችሁ፣ የእነሱ የቅርብ ዘመድ ናት።

«ምንም የላትም» ወይ?

እኔም ይህንኑ ሰምቼ ነው የገዛኋት። ከሰባት ዓመት በፊት ያሳየኝ ደላላ እጁን ኮፈኗ ላይ ጣል አድርጎ «ጋሼ፣ ምንም የላትም» አለኝ። እውነቱን ነው። የሰኔ ዝናብ ሲወርድ ወለልም እንደሌላት አየሁ። ምንጣፉን ስገልጥ ከመቀመጫዬ ሥር የግቢያችን ጠጠር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስለዚህ ያላትን ልናገር።

ወለሉ በሁለቱም በኩል በአዲስ ላሜራ ተበይዷል። ሥራው ጠንካራ ነው፣ ቆንጆ ግን አይደለም። ከሥር ገብቶ ላየው ሰው ብየዳው በችኮላ የተሰፋ ጆንያ ይመስላል።

ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው የጎን ብረት፣ የግራው፣ ወደ ኋላ ጫፉ ላይ ዝጓል። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። ይህን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ጣሪያ ያላት መኪና ጣሪያዋም ጎኗም ተጋግዘው ይይዟታል። ጣሪያ የሌላት ግን ወገቧን የሚይዝላት ይህ ብረት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ በሩን ዝጉ፣ መኪናዋን ከጎኗ በክሪክ አንሱ፣ ከዚያ በሩን ለመክፈት ሞክሩ። ካስቸገረ ወገቧ እየታጠፈ ነው። የእኔዋ ይከፈታል፤ ነገር ግን በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ በኩል ትንሽ ይጠብባል። ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቼ ቀይ ቀለም ብረጭበት ማንም አያውቅም ነበር። ሆን ብዬ እንዳለ ተውኩት። አሳዩት፣ ላሜራ ሠሪያችሁ ይለካው።

የኋላ ግራ ጎኗ ላይ ያለው ስቱኮ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ስገዛት የነበረ ነው። ባለፈው ወር ሊያያት የመጣ አንድ ልጅ ማግኔት አለኝ ወይ አለኝ። ከፍሪጃችን በር ላይ አንዱን ነቅዬ ሰጠሁት። በሩ ላይ ሲያደርገው ጥብቅ አለ። የፊት ጎኗ ላይ ጥብቅ አለ። የኋላ ግራው ላይ ሲያደርገው ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ጫማው ላይ ወደቀ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «እሱን ነው ልነግርህ የነበረው» አልኩት። ሳቀ፣ ግን አልገዛም።

ሸራው አይቀደድ እንጂ አርጅቷል። የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኗል። በእሱ በኩል ወደ ኋላ ማየት በጠጅ ብርሌ ውስጥ እንደማየት ነው። የፍጥነት ቆጣሪው ገመዱ ተበጥሶ ከቆመ ሦስት ዓመት አለፈው። ስለዚህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች እኔም አላውቅም፣ ቆጣሪውም አያውቅም። የቀኝ ፍሬቻዋ አንዳንዴ ካልተመታ አይበራም። ክላክሷ ግን አንደኛ ነው፤ በእሱ አታሙኝም።

ሞተሯስ?

ጤነኛ ነው፣ ወጣት ግን አይደለም። ፋሻና ኩሽኔት ከአራት ዓመት በፊት ቀይሬያለሁ። ኮምፕሬሲዮን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበትን ኃይል) ስናስለካ ሦስቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ሆነው አራተኛው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጠዋት ስትነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰማያዊ ጭስ ታሳያለች፣ ሲሞቃት ይጠፋል። ዘይት ትጠጣለች፤ በአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር አካባቢ።

አንድ ነገር ለመካኒኩ ንገሩት። አዲስ መካኒክ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ፊልትሮዋ የታለ?» ይላል። እንደ ዛሬ መኪና ተፈትቶ የሚጣል የዘይት ፊልትሮ የላትም። ፊልትሮው ቺንጋው በሚዞርበት በሞተሩ ፑሌጃ ውስጥ ነው ያለው። ሲሽከረከር ቆሻሻው ወደ ዳር ይወረወርና እዚያው ይለጠፋል፣ እንደ ሊጥ። በየጊዜው ተከፍቶ መጠረግ አለበት። እኔ ስከፍተው ውስጡ ሁለት ማንኪያ የሚሆን ጥቁር ጭቃ ነበረ። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች መኖሩንም ያወቁ አይመስለኝም።

ካምቢዮዋ አራት ማርሽ ነው። ከሦስት ወደ ሁለት ስትመልሱ ካልታገሳችኋት ትጮሃለች። ፍሪሲዮኗ ጥሩ ነው።

(በነገራችን ላይ፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፋሻ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ እያለ የሚውለው መካኒካችን ጣልያንኛ እንደሚናገር ማንም አልነገረውም። ይህችን መኪና ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው የሚያናግራት።)

ውሃ ታፈላለች ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነበር። አሁንም ካልተጠነቀቃችሁ እውነት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራዲያተሯ እንደ ሌላው መኪና ፊት ለፊት አይደለም። ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ተሸጉጧል። ነፋሱ በቀጥታ አያገኘውም፣ ሥራውን የሚሠራው ፋኑ ነው። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ93 ገደማ ይፈላል። ወደ ደባርቅ ስትወጡ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ሽሮ ቶሎ ይንተከተካል፣ ለመኪና ግን ጥሩ ዜና አይደለም። ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ጉሚኒው ደህና ከሆነ ውስጡን ይደፍነውና ግፊት ይፈጠራል፣ ውሃውም ሳይፈላ ከፍ ያለ ሙቀት ይችላል። ጉሚኒው ካረጀ ግን ራዲያተሩ ያው ክፍት ድስት ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት አምባ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ በእንፋሎት ተከብቤ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ ቴርሞስታቷን (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን) «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ሌላው ጋራዥ ራዲያተር ቀይር አለኝ። ሦስተኛው ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ተጣሟል አለ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን እውነትም ተበልቶ ስለነበር አስቀየርኩት። ቴስታታው ራሱ ተለክቶ ደህና ሆነ። በመጨረሻ ችግሩን የፈታው ግን አዲስ ክዳንና አዲስ ቴርሞስታት ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ደርሳ ተመልሳለች፣ መርፌው ከመሀል አላለፈም። ፀሐይ ላይ፣ መንገድ ተዘግቶ ረጅም ሰዓት ስትቆሙ ግን አጥፏት። ክርክር የለውም።

ጉልበት አላት?

ፋብሪካው 52 የፈረስ ጉልበት ብሏታል። ያ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ጎንደር አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየር ከሲሦ በታች፣ ከአምስተኛ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ እኛ ጋ 40 ያህል ብትሉ አትሳሳቱም። ካርቡራተሩም ነዳጁን ለባሕር ዳርቻ አየር ነው የሚለካው፤ እዚህ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ያንሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። እኔ የነዳጁን ቀዳዳ በጠበበ አስቀይሬዋለሁ። ቆላ የሚወስዳት ሰው መልሶ ማስፋት አለበት። አሮጌውን በላስቲክ አድርጌ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

የጎሃን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለች። አትበርም፣ ግን አትለምንም። የእሷ ጨዋታ ፍጥነት አይደለም፤ መታጠፍ ነው። ጠዋት በባዶ መንገድ ወደ አዘዞ ስትወርዱ መሪው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታያላችሁ። ጥሩ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ይገባዋል።

ፊቷ ይንሳፈፋል፣ አደገኛ ናት ይባላል?

ክብደቷ ወደ ኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ነው። ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በጥምቀት ሰሞን አየሁት። ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው መንገድ ዳር አቁሜያት ሄድኩ። ስመለስ ፊቷ ወደ ግንቡ ዞሯል። ታቦት የሚያጅቡ ጎረምሶች መንገድ ጠበበብን ብለው ፊቷን ብድግ አድርገው አዙረዋት ነበር። አንድ ጭረት የለባትም። አንዱ «ጋሼ፣ ካርቶን ናት እንዴ?» አለኝ።

አደጋው የሚመጣው ከጎማ አየር ነው። የፊቶቹ ከኋላዎቹ በጣም ያነሰ አየር ነው የሚፈልጉት። ጎሚስታው ካልተነገረው አራቱንም እኩል ይሞላቸዋል። ያኔ እርጥብ መንገድ ላይ መሪው እንደሌለ ይሆናል፣ ስትታጠፉም ኋላዋ ሊቀድማችሁ ይፈልጋል። ልኩን በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። ያለፈው ባለቤት መፍትሔው የአሸዋ ከረጢት ፊት ላይ መጫን ነበር። ከረጢቱ ውሃ ይዞ ብረቱን ሲያዝግ ኖሯል። አወጣሁት።

ጎማዎቹ 13 ቁጥር ናቸው። ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ አንድ ክረምት የሚያሳልፉ። ቸርኬዎቹ የራሷ ናቸው፤ አንዱ ተጣሞ ተቃንቷል።

ለዕለት ተዕለት ትሆናለች?

ክረምት ላይ አትሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ሸራው በግራ መስኮት ጥግ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ጠብታው የሚያርፈው ደግሞ ሁልጊዜ የሹፌሩ ጉልበት ላይ ነው። ዝቅተኛ ስለሆነች ኮብልስቶን ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ከማራኪ መልስ ያሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች በሰያፍ ካልወጣችኋቸው ማርሚታው ይፋቃል። በበጋ፣ በከተማ፣ ለሁለት ሰው ከሆነ ግን ከእሷ የሚሻል የለም።

ቤንዚን ትበላለች?

አትበላም። ጎንደር–ባሕር ዳር፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ14 ሊትር ደርሳለች። የቤንዚኑ ችግር ፍጆታዋ አይደለም፣ ማደያው ላይ መገኘቱ ነው። በኮካ ጠርሙስ የሚሸጠውን አታጠጧት። አንድ ጊዜ ጨንቆኝ ገዝቼ፣ ካርቡራተሩን ሁለት ቀን ሙሉ ሳጥብ ነበር።

መለዋወጫ ከየት ይመጣል?

የሞተር ዕቃ ይገኛል። 903ቱን ሞተር ፊያት 127 በተባለው ሞዴሉ ላይም ለዓመታት ስለተጠቀመበት፣ ዕቃው ውጭ አገር ዛሬም ይሸጣል። አንድ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርጎ ያመጣዋል። የሚያስለቅሰው የአካል ዕቃ ነው። የፊት መስታወቷ ከተሰበረ እውነተኛ ችግር ውስጥ ናችሁ። አሁን ደህና ነው፤ ከታች በስተቀኝ የጥፍር ያህል የድንጋይ ምት አለበት፣ ከገዛኋት ጀምሮ አላደገም። ከእሷ ጋር አንድ ሳጥን ትርፍ ዕቃ እሰጣለሁ፦ ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሁለት የኋላ መብራት፣ የምን እንደሆነ የማላውቀው አንድ ብረት።

ወረቀቷ ንጹሕ ነው?

ሊብሬ አላት፣ በስሜ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ከሊብሬው ጋር ይገጥማል፤ ራሳችሁ በባትሪ እያበራችሁ አንብቡት። ሰሌዳዋ ኮድ 2 አማ ነው። የዘንድሮ ቦሎ ለጥፋለች፣ ሦስተኛ ወገንም አላት። አንድ ቀሪ ነገር አለ። ሊብሬው «ነጭ» ይላል፣ እሷ ቀይ ናት። ቀለሙ ሲቀየር አላስመዘገቡትም። ስም ከመዞሩ በፊት እኔ አስተካክላለሁ፣ ወጪውም የእኔ ነው። ውሉን የምንፈርመው በሰነድ ማረጋገጫ ፊት ነው። ባለቤቴም መጥታ ትፈርማለች። ተስማምታለች፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ቸኩላለች።

ስንት ነው? ትንሽ አይቀንስም?

900 ሺህ ብር። የጎኑ ብረትና የሸራው ጉዳት ተቀንሶ ነው እዚህ የደረስኩት። እዚህ ያነበባችሁትን ጉዳት መልሳችሁ ለእኔ እየቆጠራችሁ ዋጋ ለማውረድ ከሆነ አንግባባም። ያልጻፍኩትን ካገኛችሁ ግን እቀንሳለሁ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

«በዚህ ዋጋ ከውጭ አስመጣለሁ» የሚል ሰው አለ። አያስመጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ያው ያለው ነው።

ከባጃጅ ጋር ትለውጣለህ?

አልለውጥም።

ደላላ ይዤ ብመጣስ?

ኑ፣ ቡናም ይጠጣል። ኮሚሽኑን ግን ያመጣው ሰው ይከፍላል። «የዶክተር መኪና ናት» እያለ የሚዞር አንድ አለ መሰለኝ። ዶክተር አይደለሁም።

ታዲያ ለምን ትሸጣታለህ?

ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ከእናታቸው ጋር አራት ነን። መኪናዋ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ሒሳቡ እንዲገጥም ሰባት ዓመት ታገልኩ። ትንሿ ልጄ ጭኔ ላይ ትቀመጥ የነበረ ጊዜ አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ነው። ወገቤም ከዚያ ዝቅተኛ መቀመጫ ለመነሳት በር መደገፍ ጀምሯል። ቅዳሜ ጠዋት ሸራዋን አጥፌ በቁስቋም በኩል ዞሬ ስመለስ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሰኞ ልጆቹን ትምህርት ቤት በባጃጅ ስልክ መልሼ እሸጣታለሁ።

መቼ መጥቼ ልያት?

ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት በፊት። ሳላስነሳት ነው የምትደርሱት። ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት፣ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የሞቀ ሞተር ጭሱንም የማስነሳቱንም ችግር ይደብቃል፤ እኔም የተሸወድኩት በሞቀ ሞተር ነው። መካኒካችሁን አምጡ። ላሜራ ሠሪ ብትጨምሩ ደግሞ የተሻለ። የሥራ ልብስ ልበሱ፣ ከሥር መግባት አለ። ማግኔት ከረሳችሁ ፍሪጃችን በር ላይ ነው።